ነጋድራስ ቁራና የጅግራ አልቦዎች

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ወደ እኔ ይጠጋ፣ ጆሮ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ድሮ ነው፤ በጣም ድሮ። እንስሳት ገበያ የሚውሉበት፣ ዕቃው ሁሉ አፍ አውጥቶ የሚናገርበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን አንዲት ጅግራ ነበረች። ባሏን ንስር ወስዶባት ጫጩቶቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ነጠብጣብ ቀሚሷን በንጽሕና የምትይዝ፣ ጨዋ ጅግራ ነበረች። አገሩ ሁሉ "እሜቴ ጅግራ" ይላታል።

እሜቴ ጅግራ ከብት የላትም፣ መሬት የላትም። ያላት ከእናቷ የወረሰችው ብር ብቻ ነው፦ ለራሷ አንድ ወለባ፣ ለአንገቷ አንድ ድሪ፣ ለእግሯ ጥንድ አልቦ። ወለባውና ድሪው ዝምተኞች ናቸው። አልቦዎቹ ግን መንትያ እኅትማማቾች ስለሆኑ ሲያወሩ ውለው ሲያወሩ ያድራሉ። በቀኝ እግር የምትውለው ቀኜ ትባላለች፤ ኩሩ ናት። በግራ እግር የምትውለው ግራዬ ትባላለች፤ ፈሪ ናት። እሜቴ ጅግራ ስትራመድ ቀኜ "ቅጭል!" ትላለች፣ ግራዬ ቀስ ብላ "ቅጭልጭል" ትላለች። ለጅግራ ቀጭን እግር በጣም ሰፊዎች ስለሆኑ እንዳይወልቁ ሣር ይጎሰጎስላቸዋል። በመጀመሪያ ለማን እግር እንደ ተሠሩ የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ዓመት አንበጣ መጣ። ማሳውን በላ፣ ሜዳውን በላ፣ የተረፈውን ገለባ እንኳ በላና ሄደ። ጫጩቶቹ ከጠዋት እስከ ማታ "እማዬ፣ ራበን! እማዬ፣ ራበን!" ይላሉ። እሜቴ ጅግራ መሬቱን ጫረች፣ አቧራ ወጣ። ሌላ ቦታ ጫረች፣ አሁንም አቧራ ወጣ። በመጨረሻ ወለባዋን ከራሷ ነቀለችና ወደ ገበያ ወረደች።

ገበያው ውስጥ፣ በትልቁ ሾላ ሥር፣ ነጋድራስ ቁራ ተቀምጧል። በነጋድራስነት ማን እንደ ሾመው አይታወቅም። ራሱን ሾመ፣ የተቃወመ ጠፋ፣ ሹመቱም ጸና። ከራሱ እስከ ጅራቱ ጥቁር ነው፤ ድምፁ ጎርናና፣ ሆዱ የሞላ። ሥራው ብር መግዛትና ብር መሸጥ ነው። ከፊቱ ሚዛን ከቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላው አንጥረኛው ግንደ ቆርቁር ከሰልና ወናፉን ይዞ በምንቃሩ ብር ሲቀጠቅጥ ይውላል። አጠገቡ ደግሞ ማሽላ የሞላ ጎተራ አለ።

"እንደምን አደሩ፣ ነጋድራስ?" አለች ጅግራ።

"እግዜር ይመስገን፣ እሜቴ። ምን ይዘው መጡ?"

"የእናቴን ወለባ።"

ቁራ ወለባውን ተቀበለ። ነከሰው። አሸተተው። ወደ ፀሐይ አንሥቶ በአንድ ዓይኑ አየው፤ ራሱን አዙሮ በሌላው ዓይኑ አየው። ከዚያ ሬሳ እንዳየ ሁሉ በረጅሙ ተነፈሰ።

"ወይ እሜቴ! ይህ ቆርቆሮ በዝቶበታል።"

"እናቴ ጥሩ ብር ነው ትል ነበር።"

"እናት ምን ታድርግ? ልጇን ማስከፋት አትወድም።"

"ሥራውንስ አያዩም? ይህን አበባ ይመልከቱት። እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው የተጠለፈ ነው።"

ቁራ ወደ ሚዛኑ ዞረ። "አንተ ሚዛን! አበባ ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ ጌታዬ" አለ ሚዛን። "እኔ የማውቀው ክብደት ነው።"

"ሰሙ፣ እሜቴ? ብር ማለት ክብደት ነው። ሥራ አይመዘንም።"

ወለባውን መዘነና አንድ ቁና ማሽላ ሰፈረላት። ከዚያም ክንፉን ደረቱ ላይ አድርጎ "እየከሰርኩ ነው፣ እሜቴ፣ እየከሰርኩ! ግን ለልጆችዎ ስል ነው" አላት። እሜቴ ጅግራ አመስግና፣ መርቃው ሄደች።

ጫጩት ሲበላ ደግሞ አያችሁት? ቁናው ወዲያው አለቀ። "እማዬ፣ ራበን!" ተጀመረ። በሚቀጥለው ገበያ እሜቴ ጅግራ ድሪዋን ከአንገቷ አውልቃ ይዛ ሄደች።

ቁራ ድሪውን በአንዱ የሚዛን ሳህን ላይ አኖረ። በሌላው ሳህን ላይ የመመዘኛውን ድንጋይ አኖረ። ከዚያ እንደ ዘበት ወደ ኋላ ዘወር ሲል ረጅም ጅራቱ ድንጋዩ ላይ አረፈ።

"ጌታዬ" አለ ሚዛን፣ "ጅራትዎ . . ."

"ዝም በል! ሚዛን ሲያወራ ይዛባል።"

ሚዛን ዝም አለ። ድሪው ቀለለ። ቁራ ግን በዚህም አልረካም።

"እሜቴ፣ ይህ ጠቁሯል። ጥቁረቱ እድፍ ነው፤ እድፍ ደግሞ ይከብዳል። ለእድፉ እንቀንስ።"

"እሺ።"

"ክር አለበት። ክር ብር አይደለም። ለክሩ እንቀንስ።"

"እሺ።"

"አርጅቷል። ያረጀ ብር ማን ይፈልጋል? ለእርጅናውም እንቀንስ።"

"እሺ" አለች ጅግራ ሦስተኛ ጊዜ፣ ድሪው ተቀንሶ ተቀንሶ እንዳያልቅ እየፈራች።

ሁለት ቁና ሰፈረላት። ሰፍሮም ዓይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ "እየከሰርኩ ነው፣ እሜቴ፣ እየከሰርኩ!" አለ። ጅግራ ልቧ ራራ።

"ውይ፣ እንደዚህ ከከሰሩብኝማ ትንሽ ልተውልዎት?"

ቁራ ትንሽ አሰበ። "ግድ የለም፣ ይውሰዱት" አለ። ደግሞ አሰበ። "ካሉ ግን . . . አንድ ጭልፋ ያህል ቢተዉልኝ አልጠላም።"

ጭልፋውን መልሳለት ሄደች። በመንገድ ላይ ቀኜ ከሣሯ ውስጥ ሆና ተቆጣች።

"ጅራቱን አየሽው?" አለቻት ለእኅቷ።

"እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር" አለች ግራዬ። "ግንደ ቆርቁር ሲቀጠቅጥ ማየት አልወድም።"

ሁለቱ ቁናም አለቀ። አሁን የቀሩት አልቦዎቹ ናቸው። እሜቴ ጅግራ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች፤ ጠዋት እግሯን አጥባ፣ አልቦዎቹን ወልውላ፣ እነሱኑ አጥልቃ ወደ ገበያ ሄደች። ሾላው ጋ ስትደርስ ግን ነጋድራስ ቁራ እንግዳ ይዟል። እንግዳዋ ከቆላ የመጣች ባለጸጋ ናት፤ እመቤት ሰጎን። በቆላ አንበጣው ስላልደረሰ ስልቻ ስልቻ ማሽላ በአህያ አስጭና ነው የመጣችው። ጅግራ ጨዋ ናትና ሌሎች ሲነጋገሩ መሃል አልገባችም። ከዛፉ ጀርባ ቆማ ተራዋን ጠበቀች።

ጆሮዋ ግን አልቆመም።

"ይህ ወለባ ቆርቆሮ የለበትም?" ትላለች ሰጎን።

"ቆርቆሮ? እመቤቴ! የጠራ ብር ነው እንጂ! እንደ ወተት የጠራ!"

"ድሪው ጠቁሯል።"

"ጠቁሯል አይበሉኝ! ይህ የዘመን ጥላ ነው። ይህን ጥላ ለማምጣት ስንት አያትና ቅድመ አያት አንገታቸውን አውሰዋል!"

"አርጅቷል እኮ።"

"እርጅናው ነው ዋጋው! አዲስ ብርማ ማንም ያገኛል።"

"እንግዲያው መዝንልኝ።"

ነጋድራስ ቁራ እንደ ተሰደበ ሁሉ ላባውን ነፋ። "ይመዘን? እመቤቴ፣ ሽንኩርት እየገዙ ነው? አንተ ሚዛን! አበባ ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ ጌታዬ። እኔ የማውቀው ክብደት ነው።"

"ሰሙ? ምስኪን ነው፣ አበባ አያውቅም! ብር ማለት ሥራ ነው፣ እመቤቴ። ክብደት የድንጋይ ነገር ነው።"

"ከየት የመጣ ነው?"

ቁራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከአንዲት ንግሥት ቤት።"

ከዛፉ ጀርባ ጅግራ አፏን በክንፏ ያዘች። "እናቴ ንግሥት ነበረች እንዴ?" አለች ለራሷ። ሳቅም መጣባት፣ እንባም መጣባት፤ የትኛውን ማስቀደም እንዳለባት ጠፋት።

እመቤት ሰጎን ለወለባውና ለድሪው አምስት ስልቻ ማሽላ አራገፈች። ልትሄድ ስትልም ረጅም እግሯን ዘረጋች። "እግሬን ተመልከተው። እንዲህ ያለ እግር ራቁቱን ይሄዳል? ለሚቀጥለው ገበያ ጥንድ አልቦ አግኝልኝ። አራት ስልቻ እሰጥሃለሁ።"

"ከየትም ብዬ አመጣለሁ፣ እመቤቴ" አለ ቁራ፤ የማን እግር ላይ እንዳለ ያውቃል።

ጅግራ ከዛፉ ጀርባ ዞራ ወጣችና በመንገዱ ዳር ሰጎንን ጠበቀቻት። እጅ ነሥታ "እመቤቴ፣ አልቦ እኔ አለኝ" አለቻት።

ሰጎን አንገቷን ከላይ ወደ ታች አወረደች፤ አወረደች፤ ገና ብዙ ከወረደች በኋላ ጅግራን አገኘቻት።

"አንቺ? ጅግራ? ብር ከአንቺ?"

"ይመልከቱት፣ እግሬ ላይ ነው።"

"እኔ ብር አላውቅም" አለች ሰጎን። "እውነተኛ ይሁን ውሸት በምን እለየዋለሁ? በነጋድራስ እጅ ካላለፈ አልገዛም።" ይህን ብላ ሁለት ጊዜ ስትራመድ ከዓይን ጠፋች።

እሜቴ ጅግራ ወደ ቤቷ ተመልሳ ተቀመጠች። ጫጩቶቹ እንቅልፍ ይዟቸዋል፤ የራበው ጫጩት ብዙ ይተኛል። አልቦዎቹን አውልቃ ከፊቷ አስቀመጠቻቸውና የሰማችውን ሁሉ ደግማ አወራቻቸው።

"አንሸጥ!" አለች ቀኜ። "አራት ስልቻ የምናወጣ እኅትማማቾች በአንድ ቁና አንሸጥ! ቁጭ እንበልና ራሱ ይምጣ።"

"እናንተ ቁጭ ማለት ትችላላችሁ" አለች ጅግራ። "ብር አይርበውም። ልጆቼ ግን እስከ ገበያው ቀን አይቆዩም። ቁራ የሚያሸንፈኝ በጅራቱ ብቻ መሰላችሁ? እሱ መጠበቅ ይችላል፣ እኔ አልችልም።"

ያን ጊዜ ግራዬ፣ ያቺ ፈሪዋ፣ በቀጭን ድምፅ ተናገረች።

"እኔን ብቻዬን ይሽጡኝ።"

"ምን አልሽ?" ጮኸች ቀኜ።

"እኔን ይሽጡኝና በዋጋዬ ልጆቹን ያብሉ። ቀኜ ትቅር። ሰጎን የፈለገችው ጥንድ ነው። አንዷ ሳትኖር አንዷ ምንም አትጠቅምም፤ ያኔ ነጋድራስ ራሱ ይመጣል። እርስዎም ሆድዎ ሞልቶ ይጠብቁታል።"

"ግንደ ቆርቁር ቢያቀልጥሽስ?"

ግራዬ ቀስ ብላ "ቅጭልጭል" አለች ብቻ።

በማግስቱ እሜቴ ጅግራ ግራዬን ይዛ ቁራ ፊት ቀረበች። ቁራ አንዷን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ ሌላዋን ሲያጣ ዓይኑ ጠፋ።

"ሌላዋስ፣ እሜቴ?"

"ሌላዋን አልሸጥም።"

"ጥንድ ናት እኮ! አንድ አልቦ ምን ያደርጋል?"

"ብር ማለት ክብደት ነው አላሉኝም? ይቺም የራሷን ያህል ትመዝናለች።"

ቁራን የገዛ ቃሉ ተመልሶ ነከሰው። በልቡ ግን "ቁናዋ ሲያልቅ ሌላዋን ይዛ ትመጣለች" አለና ሚዛኑን ሰቀለ። ጅራቱ እንደ ልማዱ አረፈ። አንድ ቁና ሰፈረ። "እየከሰርኩ ነው፣ እሜቴ" አለ። ጅግራ በዚህ ጊዜ አልራራችም፤ "አይዞዎት" ብላው ሄደች።

ያችን ቁና እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀቻት። ጠዋት ጥቂት፣ ማታ ጥቂት ታበላቸዋለች። ቁራም ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ ጅግራ አልመጣችም። ስለዚህ ራሱ ሄደ።

መጀመሪያ የሄደው በማር አፉ ነው። ለጫጩቶቹ ጭብጥ ማሽላ ይዞ ደጃፏ ላይ አረፈ። "እሜቴ፣ ሌላዋ አልቦ ብቻዋን ስትቀር አሳዘነችኝ። ከእኅቷ ጋር ላገናኛት ብዬ ነው የመጣሁት። አንድ ቁና እሰጣለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች ጅግራ። "ግን ብቻዋን ለመድ እያደረገች ነው።"

ሁለተኛ የሄደው በቁጣ ነው። ጭብጥ ማሽላም አልያዘም። "እሜቴ፣ ይስሙኝ! አንድ አልቦ ለእኔ ፍርስራሽ ብር ነው። ዛሬውኑ ግንደ ቆርቁር ከሰሉን ያቀጣጥላል። አልቦዋን አቅልጬ ቀለበት አደርጋታለሁ። ኋላ እንዳያዝኑ!" ብሎ ተነሥቶ በረረ።

ጅግራ ወደ ቁናው ሄዳ ጎንበስ ብላ አየች። ቁናው ውስጥ ያለው እህል አንድ ጫጩት በምንቃሩ ለቅሞ የሚጨርሰው ሆኗል። ኩሩዋ ቀኜ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

"ይስጡኝ፣ እሜቴ። በቁናም ቢሆን ይስጡኝ። ብትቀልጥም አብሬያት ልቅለጥ።"

ጅግራ አልቦዋን ደረቷ ላይ አቀፈቻት። "እኔም ፈርቻለሁ" አለች። "ግን አስቢው። ግራዬን ካቀለጣት ለሰጎን ምን ያሳያታል? አራቱን ስልቻ ከእኔ የበለጠ የሚወድ እሱ ነው። አንድ ቀን ብቻ እንቻል።"

ያን ጊዜ ግራዬ የት ነበረች? ከሰሉ ላይ! ቁራ በንዴት እሳት ማንደጃው ውስጥ ወርውሯት ነበር። ከታች ፍሙ ይታያታል። ከጎኗ ወናፉ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል።

"አባባ ወናፍ" አለች ግራዬ፣ "ያማል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ" አለ ወናፍ። "እኔ ሆዴን ሲረግጡኝ እተነፍሳለሁ፣ ሲተዉኝ እተኛለሁ።"

"ንፋ!" አለ ነጋድራስ ቁራ።

ግንደ ቆርቁር እግሩን አነሣ። ወናፍ "እፍፍ" አለ። ግራዬ ሞቃት፤ ጫፏ ቀላ።

"ቆይ!" አለ ቁራ።

ግንደ ቆርቁር ቆመ። ቁራ ዛፉን ዞረ፤ አራቱ ስልቻ በዓይኑ ላይ ዞሩ። "ንፋ!" አለ። ወናፍ ደግሞ "እፍፍ" አለ። "ቆይ!" አለ ቁራ። እንዲህ ንፋ፣ ቆይ፣ ንፋ፣ ቆይ ሲል ግንደ ቆርቁር ሰለቸው።

"ጌታዬ" አለ፣ "ይቺን ብር ከማቅለጤ በፊት የእኔ እግር ይቀልጣል። አንዱን ይወስኑልኝ።"

ቁራ ግራዬን ከማንደጃው አወጣትና አቧራ ላይ ጣላት። "ተዋት፣ ተዋት! ነገ ገበያ ነው" አለ። ግራዬ ከአቧራው ውስጥ ሆና እፎይ አለች፤ ሞቃት ስለ ነበረች አቧራው ጢስ አወጣ።

የገበያው ቀን ደረሰ። እመቤት ሰጎን አራት ስልቻ ማሽላ በአህያ አስጭና ከች አለች። ቁራ ግራዬን ወልውሎ ሰጣት። ሰጎን በግራ እግሯ አጠለቀቻት። ልክክ! ጅግራ ሣር የምትጎሰጉስላት አልቦ ለሰጎን እግር በልኳ የተሠራች ትመስላለች። ሰጎን አንድ ጊዜ ተራመደች፤ "ቅጭልጭል።" በሌላው እግሯ ተራመደች፤ ዝም። ቅጭልጭል፤ ዝም። ቅጭልጭል፤ ዝም።

ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ።

"ምንድን ነው ይሄ? አንካሳ ልታስመስለኝ ነው?" አለች ሰጎን። "የቀኙስ?"

"እየመጣ ነው፣ እመቤቴ! በመንገድ ላይ ነው!"

"እግር አለው? ሄደህ አምጣው። ይህ ጥላ አልፎኝ ፀሐይ ላይ ከቆምኩ ቆላዬ እሄዳለሁ።"

ነጋድራስ ቁራ በረረ። ሆዱ ትልቅ ስለሆነ እያለከለከ ጅግራ ደጃፍ ወደቀ።

"እሜቴ! አልቦዋን! ቶሎ! የሾላው ጥላ ሳያልፍ!"

"እንደምን አደሩ፣ ነጋድራስ?" አለች ጅግራ። "ይረፉ እንጂ። ምን አስቸኮለዎት?"

"ሁለት ቁና! ሁለት ቁና እሰጣለሁ! በሚዛን እንኳ አልመዝንም!"

"ሚዛንማ ምን ያደርግልናል? አበባ አያውቅ።"

ቁራ ደነገጠ። ጅግራ ቀኜን አንሥታ ወደ ፀሐይ ያዘቻት፤ በአንድ ዓይኗ አየቻት፤ ራሷን አዙራ በሌላው ዓይኗ አየቻት።

"ጥቁረቷን አዩልኝ? ይህ የዘመን ጥላ ነው። እርጅናዋ ነው ዋጋዋ። የመጣችውም" አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ "ከአንዲት ንግሥት ቤት ነው።"

"ከዛፉ ጀርባ ነበሩ!" ጮኸ ቁራ።

"ወረፋ እየጠበቅሁ ነበር።"

ቁራ ተቀመጠ። የሚዋሽበት አልቀረውም። "ስንት ይላሉ?" አለ።

"አራት ስልቻ።"

"አራትማ ሰጎን ለእኔ የምትሰጠኝ ነው!" አለና አፉን በክንፉ መታ። ግን ወጥቷል።

"አውቃለሁ" አለች ጅግራ። "እንግዲያው ሦስት ይስጡኝ። አንዱ ለእርስዎ ይቅር።"

"አንድ ብቻ? እኔ እኮ ነጋድራስ ነኝ! እኔ ባልኖር ሰጎን ካንቺ . . . ከእርስዎ ትገዛ ነበር?"

"አትገዛም። ጠይቄአት እንቢ ብላኛለች። እርስዎን ታምናለች፤ ለዚያ እምነት ነው አንዱን ስልቻ የተውኩልዎ። ለወለባዬም ለድሪዬም ከዚህ የበለጠ በልተዋል። ይቁረጡ፤ ጥላው እየሄደ ነው።"

ቁራ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ወደ ታች ጅግራን አየ። "እየከሰርኩ ነው" ሊል ምንቃሩን ከፈተ፤ የጅግራን ዓይን ሲያይ ተወው።

"እሺ" አለ።

"ማሽላው መጀመሪያ ደጄ ይምጣ።"

"አላመኑኝም?"

"አምኜዎታለሁ። ግን ልጆቼ ስልቻውን ቢያዩት ደስ ይላቸዋል።"

ቁራ ከራሱ ጎተራ ሦስት ስልቻ ሰፍሮ በአህያ አስላከ። ሲሰፍር የላብ ጠብታ ከማጅራቱ ይንጠባጠብ ነበር። ስልቻዎቹ ደጃፏ ላይ ዱብ ዱብ ሲሉ እሜቴ ጅግራ ቀኜን ሳመቻትና አስረከበችው።

ቁራ የሾላው ጥላ ከሰጎን ጣት ላይ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ደረሰ። ሰጎን ቀኜን በቀኝ እግሯ አጠለቀች። እኅትማማቾቹ ተያዩ።

"ሸትተሻል፣ ጢስ ጢስ ትያለሽ" አለች ቀኜ።

"አንቺ ደግሞ አልቅሰሻል፣ ጨው ጨው ትያለሽ" አለች ግራዬ።

ሰጎን ተራመደች። "ቅጭል! ቅጭልጭል! ቅጭል! ቅጭልጭል!" ገበያተኛው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። አራቱን ስልቻ አራግፋ፣ እግሯን እያየች፣ ሁለት ሦስት ጊዜ መንገድ እየሳተች ወደ ቆላዋ ወረደች።

እሜቴ ጅግራ ኮረብታዋ ላይ ቆማ ድምፁን ሰማችው። ከሩቅ መጣ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። እግሯ ቀሎባት እንዴት እንደምትራመድ ጨነቃት። ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ውስጥ ገብታ የመጀመሪያውን ስልቻ ፈታች። ጫጩቶቹ በእህሉ ላይ ተንከባለሉ፤ ያን ቀን "ራበን" ያለ አልነበረም፤ "ሆዴን አመመኝ" ያለ ግን ሞልቷል።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ብር የሚሸጥ እንስሳ ሁሉ መጀመሪያ እሜቴ ጅግራን ያማክራታል። ነጋድራስ ቁራም ሥራውን አልተወም፤ ጎተራውም ይሞላል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። አንድ ቀን በመንገድ ላይ አገኛትና "እሜቴ፣ እርስዎ ብር ነጋዴ ቢሆኑ ኖሮ እኔን ምን ይውጠኝ ነበር?" አላት።

"ልጆቼን ልዳርና አስብበታለሁ" አለችው።

በዚህ ጊዜ ቁራ በጣም ደነገጠ፤ ከድንጋጤው የተነሣ ማጅራቱ ላይ ያለው ላባ እንደ ጥጥ ነጣ። ይኸው እስከ ዛሬ አልጠቆረለትም ይባላል።

እናንተም ንብረታችሁን ስትሸጡ ገዢው ለእናንተ የሚላችሁን ብቻ አትስሙ፤ ያንኑ ዕቃ ለሌላ ሲሸጥ የሚለውንም ቆማችሁ ስሙ። ብሩ ያው ብር ነው፤ የሚለዋወጠው ቃሉ ነው።

ተረቴ ይህ ነው፤ እኔ ሳልመዝን ሰጠኋችሁ፣ እናንተም ሳትቀንሱ ለሌላ ንገሩ።